ከደጃፍ ወደ ዓለም፦ ስለ ዓለም አቀፍ ጉዳዮች በእንግሊዝኛ የሚቀርቡ የጽሕፈት ጥያቄዎች አመላለስ

ተማሪዎች፣ ባለፉት ትምህርቶች ድርሰት መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ያለው መሆኑን፣ እያንዳንዱም አንቀጽ አንድ ኃይለ ቃል እንደሚኖረው ተምራችኋል። በዚህ ትምህርት ያንኑ ዕውቀት በእንግሊዝኛ ለሚቀርብ የጽሕፈት ጥያቄ እንዴት እንደምትጠቀሙበት እንመለከታለን። «የአማርኛ መጽሐፍ ከእንግሊዝኛ ፈተና ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ሰው በማንኛውም ቋንቋ ከመጻፉ በፊት ያስባል። ሐሳብን መምረጥ፣ ማደራጀትና በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ደግሞ የድርሰት ትምህርት ዋና ተግባር ነው። በምናውቀው ቋንቋ ያልተደራጀ ሐሳብ ወደማናውቀው ቋንቋ ሲሻገር ከቶ ሊደራጅ አይችልም።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ከተቀመጡት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 30 ሺህ ያህሉ፣ ማለትም 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። የዚህ ውጤት ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ በአንድ ትምህርት የሚፈቱም አይደሉም። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛ በተፈጥሮ ሳይንስም ሆነ በማኅበራዊ ሳይንስ ለሚፈተን ሁሉ የጋራ ፈተና ነው፤ የሌሎቹም ትምህርቶች ጥያቄዎች የሚነበቡት በዚሁ ቋንቋ ነው። ስለዚህ በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ያላችሁ ተማሪዎች 12ኛ ክፍል እስክትደርሱ ሳትጠብቁ ከአሁኑ ልትለማመዱ ይገባችኋል።

1. ጥያቄው ምን ይፈልጋል?

በአገራችን የመግቢያ ፈተና ውስጥ የጽሕፈት ችሎታ የሚለካው በአብዛኛው በምርጫ ነው። ተፈታኙ የተዘበራረቁ ዐረፍተ ነገሮችን በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጥ፣ ለአንድ አንቀጽ የሚስማማውን ኃይለ ቃል እንዲመርጥ፣ ትክክለኛውን አያያዥ ቃል እንዲለይ ይጠየቃል። ሙሉ ድርሰት የሚጻፈው በክፍል ፈተናዎች፣ በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ እንዲሁም ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለመማር በሚሰጡ ፈተናዎች ነው። ለምሳሌ አይኤልትስ በተባለው ፈተና ሁለተኛው የጽሕፈት ጥያቄ ከ250 ቃላት የማያንስ ድርሰት ይጠይቃል፤ ለዚህም የሚመከረው ጊዜ 40 ደቂቃ ነው።

የጥያቄዎቹ ርእሶች ብዙውን ጊዜ ዓለም አቀፍ ጉዳዮች ናቸው፤ የአየር ንብረት ለውጥ፣ የውሃ እጥረት፣ የከተሞች መስፋፋት፣ ስደት፣ ንግድ፣ ወዘተ.። ርእሱን ካነበባችሁ በኋላ የትእዛዙን ግሥ ፈልጉ። «ግለጹ» የሚል ጥያቄ የነገሩን ሁኔታ ይፈልጋል። «አወዳድሩ» የሚል ጥያቄ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ማቅረብን ይፈልጋል። «መንስኤውንና ውጤቱን አስረዱ» የሚል ጥያቄ ሰንሰለት ይፈልጋል። «ትስማማላችሁን?» የሚል ጥያቄ አቋምንና ማስረጃን፣ የተቃራኒውንም ወገን ሐሳብ ይፈልጋል። ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚያጣው ባለማወቅ ሳይሆን ያልተጠየቀውን በመመለስ ነው።

2. ለሁሉ የሚሆን መልስ ለማንም አይሆንም

የሚከተለውን መልስ አንብቡ። ጥያቄው «የንጹሕ ውሃ እጥረት ከዓለም ታላላቅ ችግሮች አንዱ ነው፤ መንስኤዎቹንና መፍትሔዎቹን አስረዱ» የሚል ነው እንበል።

«ውሃ ለሰው ልጅ ሕይወት እጅግ አስፈላጊ ነው። በአሁኑ ጊዜ ዓለማችን በብዙ ችግሮች ተከባለች። ከእነዚህም አንዱ የውሃ ችግር ነው። ስለዚህ ሁላችንም ተባብረን ይህን ችግር መፍታት አለብን።»

በዚህ መልስ ውስጥ የሰዋስው ስሕተት የለም። ነገር ግን «ውሃ» በሚለው ቃል ቦታ «ሰላም» ወይም «ትምህርት» የሚለውን ቃል ብትተኩበት መልሱ እንዳለ ይቆማል። በየትኛውም ቃል ቢተኩት የማይናጋ አንቀጽ ስለ ምንም ነገር የተናገረ አይደለም። አስቀድሞ የተሸመደደ መግቢያ ጉድለቱ ይህ ነው። አራሚው መምህር ያንኑ መግቢያ በብዙ ወረቀቶች ላይ ስለሚያገኘው የጸሐፊውን ችሎታ ከእርሱ ሊለካ አይችልም። የጻፋችሁትን ሁሉ በዚህ የመተካት ፈተና መርምሩት።

3. ከደጃፍ መነሣት

«ዓለም አቀፍ» የሚለውን ቃል ስንሰማ ሐሳባችን ወደ ሩቅ አገር ይሸሻል። ዓለም ግን የእኛንም ደጃፍ ይጨምራል። አዲስ አበባን በሦስት አቅጣጫ የሚያዋስኑትንና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉትን ሦስት ከተሞች ለምሳሌ እንውሰድ። እነርሱም በጅማ መንገድ የምትገኘው ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ የምትገኘው ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ የምትገኘው ሱሉልታ ናቸው። በእነዚህ ከተሞች የሚኖር ተማሪ ለታላላቆቹ የዓለም ጥያቄዎች የሚሆን ማስረጃ በየዕለቱ ያያል።

ሱሉልታ ከእንጦጦ ተራራ በስተሰሜን ትገኛለች። በእንጦጦ ራስ ላይ የሚዘንበው ዝናብ በሁለት ይከፈላል። ወደ ሰሜን የወረደው በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ወደ ሙገር፣ ከሙገርም ወደ ዓባይ ይገባል። ከዚያም ግንባታው በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. በተመረቀው በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በኩል ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራንያን ባሕር ይደርሳል። ወደ ደቡብ የወረደው ግን በአቃቂ ወንዝ በኩል አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አጠገብ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። እንግዲህ ስለ ድንበር ተሻጋሪ ወንዞች የተጠየቀ የሱሉልታ ተማሪ የሚጽፈው ከቤቱ ጣራ ላይ ስለሚወርደው ውሃ ነው።

ቡራዩ የገፈርሳ ግድብ ጎረቤት ናት። ግድቡ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ለአዲስ አበባ ውሃ ሲሰጥ ኖሯል። በዚያ ዘመን ትንሽ የነበረችው ከተማ ዛሬ የሕዝቧ ቁጥር በሚሊዮን ይቆጠራል፤ ዙሪያዋንም ሌሎች ከተሞች አድገዋል። ስለ ከተሞች መስፋፋት ለሚቀርብ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ሰበታ ደግሞ የፋብሪካዎች ከተማ ናት። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው የባቡር መስመር ከሰበታ ተነሥቶ በአዳማና በድሬዳዋ በኩል እስከ ጅቡቲ ይዘልቃል። ባሕር በር የሌላት አገር ከዓለም ንግድ ጋር የምትገናኘው እንዴት ነው ለሚል ጥያቄ የሰበታ ተማሪ ምስክር ሊሆን ይችላል።

4. ሐሳብን ማደራጀት

ከደጃፍ መነሣት ማለት ግን ከደጃፍ አለመራቅ ማለት አይደለም። ጥያቄው ስለ ዓለም እስከሆነ ድረስ መልሱ ከቅርቡ ተነሥቶ ወደ ሩቁ መድረስ አለበት። ስለ ውሃ እጥረት ለቀረበው ጥያቄ የሚከተለውን ዕቅድ ተመልከቱ።

ሀ. ቅርቡ፦ የገፈርሳ ግድብ የተሠራው ለትንሽ ከተማ ነበር፤ ከተማይቱ ስታድግ ግድቡ አብሯት አላደገም።

ለ. ምክንያቱ፦ የሕዝብ ቁጥር መጨመር፣ የከተማ መስፋፋት፣ የውሃ መገኛ የሆኑት ተራሮች ከደን መራቆት።

ሐ. ሩቁ፦ በደቡብ አፍሪካ የምትገኘው ኬፕታውን ለተከታታይ ዓመታት በድርቅ ተመትታ ስለነበር በ2010 ዓ.ም. እያንዳንዱ ነዋሪ በቀን ከ50 ሊትር በላይ ውሃ እንዳይጠቀም ተወስኖ ነበር።

መ. ዓለሙ፦ በምድር ላይ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚቀርብ ንጹሕ የመጠጥ ውሃ የማያገኙ ሰዎች ከ2 ቢሊዮን በላይ ናቸው።

ሠ. መፍትሔው፦ የተራቆቱ ተራሮችን በደን መሸፈን፤ በየቧንቧው የሚባክነውን ውሃ መቀነስ፤ የፋብሪካን ፍሳሽ ሳያጣሩ ወደ ወንዝ አለመልቀቅ።

በዚህ ዕቅድ ውስጥ ሁለት ነገሮችን አስተውሉ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ከፊተኛው ይወለዳል። ሁለተኛ፣ በ«ሠ» የተጠቀሱት መፍትሔዎች በ«ለ» የተነገሩትን መንስኤዎች ይነካሉ፤ ፈጽሞ ያልተነሣ ጉዳይ በድንገት ካልገባ በስተቀር። በእርግጥም ዕቅዱ አንድ ጉድለት አለበት። ስለ ፋብሪካ ፍሳሽ የተሰጠው መፍትሔ በ«ለ» ውስጥ መንስኤ የለውም። ስለዚህ «የወንዞች መበከል» የሚል መንስኤ በ«ለ» ላይ መጨመር ይገባል። ዕቅድ ከመጻፍ በፊት የሚያስፈልገው እንዲህ ያለውን ጉድለት ድርሰቱ ሳይጻፍ ለማየት ነው። ከ40 ደቂቃ ውስጥ 5ቱን ለዕቅድ ያዋለ ተማሪ ጊዜውን አላባከነም።

ስለ ቁጥር አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የማታውቁትን ቁጥር አትጻፉ። «በጥናት እንደተረጋገጠው 78 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ» ብሎ ከራስ የፈለሰፈ ተማሪ አንባቢውን ከማሳመን ይልቅ ያጠራጥራል። ያያችሁትን ነገር በግልጽ መንገር ከተፈጠረ ቁጥር ይበልጣል። ለምሳሌ «በሰፈራችን የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ሰዎች ጀሪካን ይዘው ይሰለፋሉ» ብሎ የጻፈ ተማሪ እውነት ተናግሯል፤ ሐሳቡም ቁጥር ሳያስፈልገው ይታያል።

5. ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ በሚታለፍበት ጊዜ

ዕቅዱ በአማርኛ ቢዘጋጅም ድርሰቱ ቃል በቃል የሚተረጎም መሆን የለበትም። ሁለቱ ቋንቋዎች ዐረፍተ ነገርን የሚሠሩት በተለያየ ሥርዓት ነው። በተለይ የሚከተሉትን ልብ በሉ።

ሀ. የግሥ ቦታ። በአማርኛ «ፋብሪካው ፍሳሹን ወደ ወንዙ ለቀቀ» እንላለን፤ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው። በአፋን ኦሮሞም ግሥ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። እንግሊዝኛ ግን «ፋብሪካው ለቀቀ ፍሳሹን ወደ ወንዙ» እንደ ማለት ያለ ሥርዓት ይከተላል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ባለቤቱን እንደጻፋችሁ ወዲያው «ምን አደረገ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን አስከትሉ።

ለ. የተሰወረ ባለቤት። በአማርኛ «መጣች» የሚለው አንድ ቃል ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ባለቤቱ በግሡ ውስጥ አለ። በእንግሊዝኛ ባለቤቱ ራሱን ችሎ መጻፍ አለበት። «ዘነበ» ለማለት እንኳ ምንም የማያመለክት ተውላጠ ስም በባለቤት ቦታ ይቀመጣል።

ሐ. የቦዝ አንቀጽ ሰንሰለት። «ደኑ ተመንጥሮ፣ አፈሩ ታጥቦ፣ ምንጩ ደርቆ፣ ሕዝቡ ተሰደደ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ያማረ ነው። አራት ድርጊቶችን በአንድ ማሰሪያ ግሥ ይዟል። በእንግሊዝኛ ግን እነዚህ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ሊሆኑ ይገባል። ከዚህም በላይ የአማርኛው ቦዝ ድርጊቶቹን በቅደም ተከተል ያሰልፋል እንጂ አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን በግልጽ አይናገርም፤ ያንን ለአንባቢው ይተወዋል። በእንግሊዝኛ ስትጽፉ «ምክንያቱም»፣ «በዚህም የተነሣ»፣ «ስለዚህ» የሚል ትርጉም ያላቸውን አያያዦች በየቦታቸው አስገቡ።

መ. የማይበዙ ስሞች። በአማርኛ «መረጃዎች»፣ «ምክሮች»፣ «ዕውቀቶች» ማለት ይቻላል። በእንግሊዝኛ የእነዚህ ስሞች አቻዎች የብዙ ቁጥር ምልክት አይቀበሉም። «ውሃ»ም በተለመደው አገባቡ እንደዚሁ ነው።

ሠ. ዓመተ ምሕረት። በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ድረስ 8 ዓመት ይጨመራል። መስከረም 2009 ዓ.ም. 2016 ይሆናል፤ መጋቢት 2003 ዓ.ም. ግን 2011 ይሆናል። ይህን የዘነጋ ተማሪ ትክክለኛ ማስረጃ ይዞ ስሕተት ይጽፋል።

ረ. ምሳሌያዊ አነጋገር። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት ለሱሉልታም ሆነ ለቡራዩ ሰው ብዙ ነገር ይናገራል። ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ግን ዓባይን ለማያውቅ አንባቢ ዕንቆቅልሽ ይሆናል። ተረቱን ለመጠቀም ከፈለጋችሁ ፍቺውን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስከትሉ፤ ካልሆነም ሐሳቡን ብቻ ውሰዱ፦ ብዙ ወንዞች ባሉባት አገር የሚጠጣ ውሃ የሚያጣ ሰው አለ።

6. የተዘበራረቁ ዐረፍተ ነገሮችን ማስተካከል

አሁን ወደ ምርጫ ጥያቄው እንመለስ። የሚከተሉት አራት ዐረፍተ ነገሮች ቦታቸውን ለቀዋል።

ሀ. ስለዚህ ወንዙን ከብክለት የመጠበቅ ኃላፊነት የአንድ ከተማ ብቻ አይደለም።

ለ. ይህ ወንዝ በአዲስ አበባ ውስጥ አልፎ ከአዋሽ ጋር ይቀላቀላል።

ሐ. የአቃቂ ወንዝ ከእንጦጦ ተራሮች ይነሣል።

መ. አዋሽ ደግሞ ለብዙ አርሶ አደሮችና አርብቶ አደሮች ውሃ እየሰጠ እስከ አፋር ይዘልቃል።

መፍቻው በትንንሾቹ ቃላት ውስጥ ነው። «ይህ ወንዝ» የሚለው ሐረግ ወንዙ አስቀድሞ በስሙ እንደተጠራ ያስረዳል፤ ስለዚህ «ሐ» ከ«ለ» ይቀድማል። «አዋሽ ደግሞ» የሚለው የአዋሽ ስም በቀደመው ዐረፍተ ነገር እንደተነሣ ያሳያል፤ ስለዚህ «መ» «ለ»ን ይከተላል። «ስለዚህ» የሚለው አያያዥ መደምደሚያን ያመለክታል። መልሱም ሐ፣ ለ፣ መ፣ ሀ ይሆናል። በእንግሊዝኛ ፈተናም የምትፈልጉት እነዚህኑ ምልክቶች ነው፤ ተውላጠ ስሞችን፣ አመልካች ቃላትንና አያያዦችን። ነገሩን በሙሉ ስሙ የሚጠራው ዐረፍተ ነገር ዘወትር በተውላጠ ስም ከሚጠራው ይቀድማል። ከምርጫዎቹ መካከል በ«ስለዚህ» ወይም በ«እርሱም» የሚጀምረውን ቅደም ተከተል አስቀድማችሁ ብትሰርዙ ሥራችሁ በግማሽ ይቀላል።

ማጠቃለያ

አበው «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላሉ። ስለ ዓለም ጉዳይ የሚጻፍ ድርሰት ሥሩ ጸሐፊው ራሱ ያየው ነገር ነው። ከዚያ ተነሥቶ ምክንያቱን የሚመረምር፣ ወደ ሌሎች አገሮች የሚያሰፋ፣ በመጨረሻም ለተነሡት መንስኤዎች መፍትሔ የሚሰጥ ተማሪ በእንግሊዝኛው ቀላል ቃላት ቢጠቀምም የሚነበብ ነገር ይጽፋል። በሌላ በኩል የተሸመዱ ታላላቅ ቃላትን የሚደረድር ተማሪ ቃላቱን አሳየ እንጂ ሐሳብ አላሳየም። በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ በሚገኝ መለስተኛ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ በምታጠኑበት ሰዓት የዓለም ጉዳይ ከእናንተ የራቀ አይምሰላችሁ። በደጃፋችሁ የሚያልፈው ጎርፍ እንኳ መድረሻ አለው፤ የት እንደሚደርስ ጠይቁ፣ መልሱንም ጻፉ።

መልመጃ

1. በአካባቢያችሁ ከሚገኙት ነገሮች መካከል (ወንዝ፣ ገበያ፣ ፋብሪካ፣ መንገድ፣ ደን) አንዱን ምረጡ። ከየትኛው ዓለም አቀፍ ጉዳይ ጋር እንደሚገናኝ በሁለት ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ግለጹ።

2. በክፍል 4 የቀረበውን ዕቅድ አርአያ በማድረግ «የከተሞች መስፋፋት ጥቅምና ጉዳት» ለሚለው ርእስ ባለ አምስት ነጥብ ዕቅድ አዘጋጁ። መፍትሔዎቻችሁ ሁሉ መንስኤ ያላቸው መሆናቸውን አረጋግጡ።

3. «ዝናቡ ዘግይቶ፣ እህሉ ደርቆ፣ ዋጋው ንሮ፣ ድኻው ተቸገረ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አያያዥ ቃላት በመጠቀም ወደ ሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ለውጡ። ከዚያም ሦስቱን በእንግሊዝኛ ጻፉ።

4. ከዚህ በፊት በእንግሊዝኛ ከጻፋችኋቸው ድርሰቶች አንዱን አውጡ። መግቢያውን በመተካት ፈተና መርምሩና ቃሉ ሲለወጥ የማይናጋ ሆኖ ካገኛችሁት እንደገና ጻፉት።